ለላኪው ይመለስ

ካርቶኑ ከሄደ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ብሩሽ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ከአንድ ቅሪተ አካል ላይ አቧራ ታራግፋለች። ድንጋዩ ከጸዳ ቆይቷል፤ እጇ ብቻ ነው የሚመላለሰው። ሐሳቧ ከተማው ዳር፣ ነጩ የድንጋይ ካባ ጫፍ ላይ ሄዶ ቁጭ ብሏል፤ ና ቢሉት አይመጣም።

ብሩሽ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ያወጣላት አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ያው ሐሳቧን ይዞባት የቀረው። የዛሬ ዓመት ገደማ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የካባ አቧራ እንደያዘ፣ በሙዚየሙ የጥንት ፍጥረታት ክፍል መስኮት ብቅ ብሎ በመሐረብ የጠቀለለውን ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የማን ማለት?»

«ድንጋይ ስፈልጥ መሃሉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። እንዲህ አምሮ የተሠራ ቤት ባለቤት አያጣም ብዬ ነው።»

መስኮቱ ላይ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በስድስት ዓመት ውስጥ «ወርቅ ነው እንዴ?» ያላላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ብሩሿን አንስታ እፊቱ ጠረገችለት፤ ትንሽ ጥምዝምዝ ዛጎል ብቅ አለ። የባሕር እንስሳ መሆኑን፣ የሰው ልጅ ገና ሳይፈጠር ይሄ ሁሉ ምድር በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር፣ የእሱ ካባም የዚያ ባሕር ወለል እንደሆነ ነገረችው።

«ባሕር አይቼ አላውቅም» አለ።

«እኔም አላየሁም። ይሄን ሁሉ የማወራው ከዚህች መስኮት ሳልርቅ ነው።»

«እኔ ታዲያ በየቀኑ ስቆምበት ኖሬያለኋ!»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኖቻቸው አልተለያዩም። አያድርስ ነው! ሁለቱም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሰላም ውለው በሰላም የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ጠራቢው የሆነ ነገር ባገኘ ቁጥር፣ ወደ ከተማ በሚመላለሰው የካባው ሾፌር እጅ ከደብዳቤ ጋር ይልክ ጀመር። አንዳንዱ እውነትም ቅሪተ አካል ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ደብዳቤ ባዶ እጁን አይሄድም ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ደብዳቤዎች «እርስዎ» ይላታል። በአምስተኛው መጨረሻ ላይ፣ «እርስዎ ስል እዚህ ያሉት ድንጋዮች ሁሉ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። አንቺ ልበልሽ?» ብሎ ጻፈ። እሷም በትልቅ ወረቀት መሃል አንዲት ቃል ብቻ ጽፋ ላከችለት፤ «በለኝ»።

የመጨረሻው ድንጋይ የመጣው የዛሬ ወር ነው። ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ ነበረው።

«አንደኛ፣ ይሄ የማን ነው? ሁለት መዳፍ የተጋጠመ ይመስላል። ሁለተኛ፣ መጥቼ አባትሽን ባነጋግር ምን ትያለሽ? እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን አጥፌ መዶሻ ያነሳሁ ሰው ነኝ። አንቺ የፕሮፌሰር ልጅ ነሽ። እኔና አንቺ የምንሆን ይመስልሻል? አስቢበትና መልሽልኝ፤ የምትይኝን እቀበላለሁ።»

አዎ፣ የፕሮፌሰር ልጅ ናት። አባቷ ያንን ክፍል ሠላሳ ዓመት የመሩ፣ ድንጋይ አይተው ዕድሜውን የሚናገሩ፣ የልጃቸውን የልደት ቀን ግን በየዓመቱ የሚረሱ ሰው ናቸው። ነገሩን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ድንጋይ የሚጠርብ?»

«አዎ አባባ።»

«ስምንተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ካንቺ ጋር ምን ያወራል?»

«ስለ ባሕር።»

አባት መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አንድ እሑድ እሰጠዋለሁ» አሉ። «ከመጣ አየዋለሁ። ካልመጣ ግን ይሄ ወሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይነሳ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። መምጣቱን አልተጠራጠረችማ!

ድንጋዩን ሦስት ቀን ሠራችው፤ በመርፌና በብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ። እሷም መጀመሪያ ሁለት መዳፍ ነበር የመሰላት። ሁለቱ ክዳኖቻቸው እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንድ ዓይነት የሆኑ የባሕር ፍጥረታት ሞልተዋል። በሦስተኛው ቀን ግን በጎን አዙራ በአጉሊ መነጽር ስታየው እጇ ቆመ። አንደኛው ክዳን ትልቅና ሆዱ የተነፋ ነው፤ ጫፉ ላይ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። ሌላው ትንሽና ጠፍጣፋ ነው። መዳፍና መዳፍ ሳይሆኑ ድስትና ክዳን ናቸው። ብራኪዮፖድ ይባላል። በዚያች ቀዳዳ እንደ ገመድ ያለ እግር አውጥቶ የባሕሩን ወለል ይይዝና፣ ማዕበል መጣ ማዕበል ሄደ ካለበት ሳይነቃነቅ ዕድሜውን የሚኖር ፍጥረት ነው።

ይሄን ስታስብ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አረንጓዴ መሰላት። የግድግዳው ሰዓት ከሩቅ፣ ከውሃ በላይ የሚመታ ሆነ። ወንበሮቹ፣ መሳቢያዎቹ፣ የተሰቀለው ካፖርቷ ሳይቀር ቀስ ብለው የሚወዛወዙ መሰላት። እሷም ከታች፣ ለስላሳው አሸዋ ላይ፣ ምንም ቢመጣ የማትለቀውን አንድ ነገር ይዛ ቆማለች። የያዘችው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከዚያ ካርዱን ሞላች። ካርዱ አባቷ በወጣትነታቸው ያረቀቁት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ፊደል ያልተነካበት ነው። ጥያቄው ታትሟል፤ መዝጋቢው መልሱን ብቻ ይሞላል። «ዓይነት፦ ብራኪዮፖድ። ሁለቱ ወገኖች፦ አይመጣጠኑም። ውሳኔ፦ ለላኪው ይመለስ።» ይመለስ ያለችው መሳቢያው እንዲህ ባለ ነገር ስለሞላ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያሰፈረችው ምክንያት ይሄ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ድንጋዩ በእሱ እጅ ተይዞ ቤታቸው እንዲመጣ ስለፈለገች ነው።

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ በሌላ ወረቀት ጻፈች። አጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ከተነጠፈው ጥጥ በታች፣ ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠችው። ለመደበቅ ብላ አይደለም። የዚያ ክፍል ሰው ቁም ነገር የጻፈበትን ወረቀት ከድንጋዩ ሥር ነው የሚያደርገው። ከላይ ያለ ወረቀት ይደበዝዛል፣ ይወድቃል፣ ከሌላው ጋር ይቀያየራል፤ ከሥር ያለውን ግን ድንጋዩ ራሱ ይጠብቀዋል። እዚያ ክፍል ድንጋዩን ሳያነሳ ካርድ የሚያነብ ሰው የለም። ሌላው ዓለም እንደዚያ እንደማያደርግ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም። ካርዱን ከላይ አድርጋ ካርቶኑን በሲባጎ አሰረችው።

ባለፈው እሑድ አባቷ ክራቫት አሰሩ። እሷ ወንበሮቹን ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያየረች። መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ መስኮቱ ሄደች። አሥር ሰዓት ሆነ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አባቷ ክራቫታቸውን ፈተው በጥንቃቄ አጣጠፉና፣ «ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቢኖር ዋና አይለምድም» አሉ። ለማን እንዳሉት አልተናገሩም። ብሩሽ ለራሷ ወሰደችው፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ሰዓት ላይ የካባው ሾፌር መስኮቱን አንኳኳና ደብዳቤ ሰጣት። ድንጋይ የለውም፤ ደብዳቤው ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጁን መጣ።

«ይድረስ ለተከበሩ እህቴ። እንደምን ሰነበቱ?»

ብሩሽ እዚህ ላይ ቆመች። እርስዎ! አምስት ወር ሙሉ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው፣ በአንዲት ቃል በሩን ከውጭ ዘጋባት። ቀሪውን ያነበበችው በጉልበቷ ነው።

«የላኩልኝ ካርድ ደርሶኛል። ካርቶኑን ከፈትኩ፣ ካርዱን አነበብኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ድንጋዩን ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጥያቄ ብጠይቅዎት በአንድ ካርድ መለሱልኝ። ሁለቱ ወገኖች አይመጣጠኑም ብለዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ከእርስዎ እስክሰማው ድረስ ግን እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ነበር። ለላኪው ይመለስ ብለዋል፤ ይኸው ተመልሻለሁ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ከሰዎቹ ጋር ወደ ሩቁ ካባ እንሄዳለን። ውሉ የሦስት ዓመት ነው፤ ስደርስ እፈርማለሁ። እዚያ ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው አሉ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፤ ቢፈልጡት ምንም አይገኝበትም። ለእኔ እንደሱ ይሻለኛል። ቂም የለኝም። ብሩሽዎ አይዛልብዎ።»

ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ ስታነብ «ወገን» የምትለው ቃል ላይ ደረሰችና ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«ወገን!» ብላ ጮኸች። «ክዳኑን እኮ ነው! የድንጋዩን ክዳን እኮ ነው ያልኩት!»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። አባቷ ከማዶ ክፍል ብዕራቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ። ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ባዶ ካርድ አንስተው እሱን ደግሞ አነበቡ፤ የሌላ ሰው ሥራ እንደሚያዩ ሁሉ።

«ይሄን ካርድ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «'ክዳን' ልበል ወይስ 'ወገን' ልበል ብዬ ቀኑን ሙሉ አስቤበታለሁ። 'ወገን' የሚለው ከበድ ያለ መሰለኝ።»

«አባባ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ቃል አስገብተኸኛል፤ አውቃለሁ፤ ግን እሑድ ዕለት ያልመጣው…»

«ያልመጣው አትምጣ ስላልነው ነው። እኛው ነን ያልነው፤ በራሴ ካርድ።» መነጽራቸውን ጠረጉ። «የጻፉለትን የማያስተውል ሰው ይመጣብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ይሄ ሰው ግን የተጻፈለትን አንዲት ቃል ሳያጎድል ነው ያነበበው። ያጠፋው ካርዱ ነው። በይ፣ የመኪናዬን ቁልፍ አቀብይኝ።»

አባቷ ሰዓታቸውን እያዩ ነዱ። ከተማው አልቆ ነጩ ኮረብታ ሲጀምር ብሩሽ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። የካባው ግድግዳ ንብርብር በንብርብር ከፍ እያለ ሄዷል፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ደግሞ ነጭ፤ እያንዳንዱ ባሕሩ አንድ ዘመን ያነጠፈው ጭቃ ነው። አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ሳይወርድ ተንሳፍፎ ቆሟል። ውሃው የሄደ አልመሰላትም። ወደ ወለሉ እየወረደች ያለች፣ ጆሮዋ የተደፈነ፣ እግሯ መሬት የማይነካ መሰላት። ብቻ ቶሎ ይድረሱ።

ሠራተኞቹን የሚወስደው የጭነት መኪና አልሄደም፤ ሞተሩ ግን ተነስቷል። ከኋላው ፍራሽ፣ መዶሻና መሮ፣ አሥር ያህል ሰዎች ተጭነዋል። ጠራቢው ጫፉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ካርቶኑን ይዟል፤ ሲባጎውን መልሶ አስሮታል።

ሲያያት ብድግ ሊል ፈለገና መልሶ ተቀመጠ።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እርስዎ አትበለኝ!»

ከተጫኑት ሰዎች አንዱ ሳል ሳይኖርበት ሳለ። ብሩሽ አላፈረችም፤ የሚያሳፍረው ነገር ሁሉ ከተማ ቀርቷል።

«ካርቶኑን ክፈተው» አለችው።

«አንብቤዋለሁ እኮ።»

«ያነበብከው የድንጋዩን ነው። ያንተን አላነበብክም።»

«የእኔ የትኛው ነው?»

«ድንጋዩን አንሳው። ስለ ፈጠረህ፣ አንዴ ብቻ አንሳው።»

ሲባጎውን ፈታ። ካርዱን ወደ ጎን አደረገ። ያ ትልቅ፣ የተሰነጣጠቀ እጁ ድንጋዩን የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ አነሳው። ጥጥ አለ። ከጥጡ ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። ጠራቢው ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ብሩሽ እያንዳንዱን መስመር በቃሏ ስለምታውቀው የት ጋ እንደደረሰ ከፊቱ ትከታተል ነበር።

«ሁለተኛውን ጥያቄህን ከመጀመሪያው በፊት ነው የመለስኩት። በሚመጣው ሳምንት እሑድ አባቴ ይጠብቅሃል፤ ድንጋዩን ራስህ ይዘኸው ና። ሁለቱ ክዳኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ተጋጥመው ግን ይሄን ሁሉ ዘመን አልተላቀቁም። የምንሆን ይመስልሻል ወይ ብለኸኛል። እኔ ከዛጎሉ በፊት ነው የመሰለኝ፤ መስኮቱ ላይ 'የማን ነው' ያልከኝ ቀን።»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና አላለም።

«የትኛው እሑድ?» አለ።

«ያለፈው።»

«ጠበቃችሁኝ?»

«አባባ ክራቫት አስሮ ነበር።»

ጠራቢው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አቧራ ዓይኔ ገባ ቢል ማንም አይጠራጠረውም ነበር፤ ግን አላለም።

አባትየው እስካሁን መኪናቸው አጠገብ ቆመው ነበር። እንግዲህ ልማድ ክፉ ነው፤ ሳያስቡት ወደ ካባው ግድግዳ ተጠግተው በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ከዚያ ዞር ብለው ተጣሩ።

«ልጄ! ያንን ድንጋይ ከየትኛው ንብርብር ነው ያወጣኸው?»

ብሩሽ እሷን የጠሩ መስሏት ዞረች። የጠሩት ግን ጠራቢውን ነው። እሱም ገብቶታል።

«ከእንጀራ እናት ነው ጌታዬ።»

«ከምን?»

«ግራጫው ነው፤ በእጅዎ የያዙት። መሮ ይሰብራል፣ ለማንም አይራራም። እኛ እንጀራ እናት ነው የምንለው። ካላባበሉት አይከፈትም።»

ፕሮፌሰሩ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጥር ነበር የሰጠሁት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አንድ እሑድ ነበር የሰጠሁህ» አሉት። «ያለፈው አይቆጠርም።»

የቡድኑ አለቃ ከጋቢናው አንገቱን አወጣ። «ኧረ ወንድሜ፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ አስጥተህ!»

ጠራቢው ካርዱን አነሳ። የታተመውን፣ ልቡን የሰበረውን ያንን ካርድ። ከላይ እስከ ታች አየውና መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ሽፋሽፍቱ ላይ ያለው አቧራ ተንቀጠቀጠ፤ ፈገግ ብሏል።

«ውሳኔው እዚህ ተጽፏል አለቃዬ» አለና ዘለለ።

መኪናው ሄደ። ፍራሹም፣ የልብስ ሻንጣውም፣ ትልቁ መዶሻውም አብረው ሄዱ፤ ከጓደኞቹ አንዱ ከሩቅ ሻንጣውን አንስቶ እያወዛወዘ ይጮኻል። ጠራቢው አልዞረም። አንድ ካርቶን ብቻ ይዞ እፊቷ ቆሟል። በዙሪያቸው የተነሳው ነጭ አቧራ ቀስ እያለ፣ ባሕር ውስጥ እንደሚሰጥም ነገር፣ ትከሻቸው ላይ ይወርዳል።

«ምንድን ነው የተጻፈው?» አለችው።

«ለላኪው ይመለስ ይላል።» ከጥጡ ሥር ያገኘውን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት። «ይሄን የላክሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ብሩሽ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። አንቺ አላት።